ሁሉም ስምንት ያለበት መጠይቅ

ሎሬታ ኪፒንግ በዚያ የኮሮና ጸደይ ከወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ሳትነሳ የካናዳዋን ደሴት የኒውፋውንድላንድን ሰው ኑሮ በስልክ ስትለካ ከረመች። ሥራዋ የተጻፈላትን ሳታዛንፍ ማንበብ ነበር፦ "በአሁኑ ወቅት በኑሮዎ ምን ያህል ይረካሉ? ከዜሮ እስከ አሥር ይንገሩኝ።" ዝቅ ያለ ቁጥር ለወጣለት መንደር ቤት ለቤት የምትዞር ነርስ ትላክለታለች።

እንግዲህ የደሴቷ ሰው ሆድ ይፍጀው ባይ ነው። ጣሪያው ቢያፈስም፣ ጀልባው ቢሰበርም "የባሰ አታምጣ" ብሎ ስምንት ይላል። ሎሬታም የዚያው አገር ልጅ ናትና ስምንቱን ሁሉ እየጻፈች አንዱንም አታምነውም።

አንድ ማክሰኞ ስፓሮ ኮቭ በምትባል የደሴቷ መንደር ለሚኖሩት ለሰማንያ አንድ ዓመቱ አዛውንት ለአምብሮስ ሃይንስ ደወለች። ሚስታቸው ከሞቱ ሦስት ሳምንታቸው ነው፤ በእገዳው የተነሳ አንድም ለቀስተኛ አልገባም።

"ስምንት በይ" አሉ።

"ባለፈው ሳምንት ከስንት ሰው ጋር አወሩ?"

"አንቺን ልቁጠርሽ?"

"ይቁጠሩኝ።"

"እንግዲያው አንድ።"

ሎሬታ ደንቡን ጣሰችና "ለጎረቤትዎስ ስንት ይሰጣሉ?" አለች።

"ለስቴላ? ምስኪን፣ ሁለት። ልጆቿ ባሕር ማዶ ቀርተውባት ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ናት።"

ስቴላም ከዝርዝሯ ላይ ነበረችና ወዲያው ደወለችላት።

"እኔ? ስምንት ነኛ! አምብሮስ ግን አንድም አይሞላም። ከእሑድ ወዲህ ምድጃው አልጨሰም፤ ምን እንደሚበላ እንጃ።"

"ታዲያ ሄደሽ አታንኳኪም?"

"እንደ ተቸገረ ሰው? በሃፍረት ትገድይዋለሽ እንዴ!"

"ብቻዬን መብላት አቃተኝ ብለሽ ሂጂ።"

ስቴላ "እሱስ እውነት ነው" አለች።

የመሥሪያ ቤቷ ተቆጣጣሪ የተቀዳውን የስልክ ንግግር ሰምቶ ሁለቱንም ቃለ መጠይቅ ሰረዘ፤ ሎሬታንም አሰናበታት። ስፓሮ ኮቭም ስምንት እንደሆነ ቀረ፣ ነርሷም ወደ ሌላ መንደር ሄደች። ሎሬታ በንዴት ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰዳትም።

በሳምንቱ በገዛ ስልኳ ለስቴላ ደወለች።

"ከአምብሮስ ጋር በረንዳው ላይ ራቅ ራቅ ብለን ተቀመጥን" አለች ስቴላ። "የአተር ሾርባውን ሁለት ሳህን ጠጣልኝ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀምጦ ስለ ሚስቱ ማውራት ጀመረ። ለቅሶውን ያን ቀን ተቀመጥንላት።"