የኤንትሬዋ ቅርጫ

ቀኑን ያመጣው አባቴ ነው። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም አሁን ሶዶ ውስጥ ሲወራ ሰይጣን ያመጣው ነው የሚመስለው። ሰይጣን ምን በወጣው። አባቴ ነው፣ በገዛ አፉ።

እኛ ከተማ ኤንትሬ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ኤንትሬ ያ ፊቱ ጠፍጣፋ የጣሊያን ከባድ መኪና ነው፣ ዳገት ሲያይ ገና ከሩቅ ማቃሰት የሚጀምረው። አይሱዙ አገሩን ከሞላው በኋላ ማን ጭነት ይስጣቸው? ነጋዴው ዝንጅብሉን ዛሬ ጭኖ ነገ አዲስ አበባ ማየት ይፈልጋል። በኤንትሬ ከሆነ ሻሸመኔ ሳይደርስ ዝንጅብሉ ይበቅላል። ሰዎቹ ግን አይሸጧትም። ያጥቧታል፣ ቀለም ይቀቧታል፣ ለጋቢናዋ መጋረጃ ያሰፉላታል። ሚስት ቀሚስ ሳትቀይር መኪናዋ መጋረጃ ትቀይራለች። እብዶች ናቸው። የእብዶቹ አለቃ ደግሞ አባቴ ነበር።

ችግሩ መለዋወጫ የለም። የሚሠራውም ሰው የለም፣ ዕቃውም አይመጣም። ስለዚህ አባቴ አንድ ቀን አወጣ። ከጊፋታ በፊት ያለው ቅዳሜ ለመኪኖቹ ብቻ ይሁን አለ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፣ መስቀል ሰሞን የሚውል። የተጣላ ይታረቅበታል፣ ሰፈሩ አዋጥቶ በሬ ገዝቶ ቅርጫ ይካፈልበታል። ለኤንትሬም እንደዚያ ይሁን ብሎ ነው። እርሻ ላይ ደቦ እንደሚወጣው ሁሉም የብሎን መፍቻ ቁልፉን ይዞ ይመጣል፣ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው እየዞሩ ያክሟቸዋል። ከዚያ እያንዳንዷ መኪና በራሷ ተነስታ፣ ከግቢዋ ወጥታ አስፋልት ትረግጣለች። ባትሪ መዋስ ይፈቀዳል። ትከሻ መዋስ አይፈቀድም። የተገፋች መኪና እንደተነሳች አትቆጠርም።

ሁለት ጊፋታ በተከታታይ ያልተነሳች ቅርጫ ትሆናለች። ቀልድ አይደለም። ልክ እንደ ሥጋው ኮባ ቅጠል ይነጠፋል፣ ዕቃዋ ይፈታል፣ ይደረደራል፣ ለተረፉት መኪኖች ይከፋፈላል። የመጀመሪያውን ብሎን የሚፈታው ባለቤቱ ራሱ ነው። ይቺንም የጨመራት አባቴ ነው። ለምን ሲሉት፣ ሌላ ሰው ከፈታባት ሌብነት ይመስላል አለ።

መጀመሪያ የታረደችው የባለ ቀዩ መኪና ናት። ባለ ቀዩ የምንለው መኪናው ቀይ ስለሆነች ነው። እሱና አባቴ አብረው ረዳት ሆነው ያደጉ ናቸው፣ ጭነት ላይ አንድ ብርድ ልብስ ተካፍለው ያደሩ። ቀይዋ በሁለተኛ ጊፋታዋ ሞተር ማስነሻው አልዞር አለ። ሰውዬው ለመነ። የእህቱ ልጅ ከሆሳዕና ሌላ ማስነሻ ይዞ መንገድ ላይ ነው፣ እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ጠብቁኝ አለ። ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ። አባቴ ግን እየሳቀ፦

"ኮባው እኮ ተነጥፏል" አለው።

በቃ። ባለ ቀዩ ቁልፉን አነሳ፣ እጁ ብሎኑን አልይዝ አለ። አባቴ ይሄኔ ዝም ይላል? አይልም። "ሚስትህንም ያገባህ ቀን እጅህ እንዲህ ነበር" አለው፣ ግቢው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ያስቅ ነበራ። ፖምፓዋ፣ ማለትም ለሞተሩ ናፍጣ የምትረጨው፣ የመኪና ልብ በላት፣ ለኛ ደረሰች። ማታውኑ የኛዋ ላይ ገጠምናት። የኛዋ ከዚያ ወዲያ ሰው ሆነች። ባለ ቀዩ ቀፎውን ግቢው ውስጥ አቆመው፣ ዶሮዎቹ ጋቢና ውስጥ እንቁላል መጣል ጀመሩ።

ትንሽ ቆይቶ አባቴን ስትሮክ መታው። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በረንዳው ላይ ወደቀ፣ ቀኝ ጎኑ ሞተ፣ አፉ ተጣመመ። ኦቶና ሆስፒታል ስንት ጊዜ አመላለስነው፣ እግሩ ትንሽ ተመለሰ፣ እጁ እዚያው ቀረ። የዚያ ዓመት ጊፋታ እሱ አልጋ ላይ፣ መኪናዋ ግቢ ውስጥ እኩል ተኝተው አለፈ። ይሄ አንድ ተባለ።

እኔ ስምንተኛ ክፍልን ጥዬ የሱ ረዳት የሆንኩ ሰው ነኝ። ከመሪ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። የቀበሌው ሰውዬ እየመጣ ተደራጅ፣ ኮብልስቶን ጥረብ፣ ጥቃቅንና አነስተኛ ግባ ይለኛል። የሱ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ለኔ ሲሆን ድንጋይ። አልጠርብም አልኩት። መኪና አለኝ አልኩት። ግቢያችን ውስጥ የቆመችውን አየና፣ "ይቺን ነው?" ብሎ ሳቀ። ስለዚህ ሁለተኛው ጊፋታ ሲደርስ ነገሩ ለኔ ግልጽ ነበር። ከተነሳች ሹፌር ነኝ። ካልተነሳች መዶሻ ይጠብቀኛል።

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ከነሱ ውስጥ አንዱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፣ እሱ ሳይጸልይ ብሎን አይነካም። ረጅም ጸሎት ጸለየ፣ ለሞተሩ፣ ለጎማው፣ ለአባቴ ቀኝ እጅ፣ በዚህ ቅደም ተከተል። እናቴ ቆጮና ዳጣ አቀረበች። አባቴን ደግፈን አወጣነውና መኪናዋ ፊት ለፊት አሮጌ የጋቢና ወንበር ላይ አስቀመጥነው። በመጨረሻ ባለ ቀዩ መጣ፣ በተተኮሰ ሱሪ። ለሥራ የመጣ ሰው የተተኮሰ ሱሪ አያደርግም። ኪሱ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቁልፍ አለ፣ ጫፉ ይታየኛል። አባቴን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለውና ግራ እጁን ለረጅም ጊዜ ይዞ ቆየ። እኔ በሆዴ፣ ይሄ ሰውዬ ለመብላት ነው የመጣው አልኩ።

ሥራውን አልበደሉም፣ ውሸት አልናገርም። የሞተሩን ክዳን ሲያነሱ አይጥ ጎጆ ሠርታበታለች፣ ከነልጆቿ። አንዱ ለአባቴ፣ አንተ ስትተኛ ተከራይ አስገባች አለው። አባቴ በግማሽ አፉ ሳቀ። ናፍጣ ቀየሩ፣ አየር አስወጡ፣ ቱቦ በአፋቸው እየመጠጡ ጥርሳቸው ጠቆረ። ከየመኪናቸው ባትሪ አውልቀው አመጡ። እኔ ጋቢና ውስጥ ነኝ፣ ቁልፍ አዞራለሁ፣ እሷ ትንሽ ታቃስትና ዝም። እንደገና፣ ዝም። ከሰዓት ዳሞታ ተራራ ጥቁር ደመና ለበሰና ዝናቡ ወረደ፣ ግቢው ጭቃ ሆነ። እናቴ ኮባ ልትቆርጥ ወደ ጓሮ ስትሄድ አየኋት። ማንም አላዘዛትም፣ ሰዓቱን አይታ ነው።

ሽማግሌው ወደ ጋቢናው መጥቶ ጆሮዬ ሥር፣ ቁልፉን ስታዞር ማርሽ ውስጥ አድርጋት፣ የፍሪሲዮኑን ፔዳል በኔ ምልክት ልቀቅ አለኝ። ገባኝ። ግቢያችን ወደ በሩ ትንሽ ይወርዳል፣ አባቴ ከፊት ለፊት ስለተቀመጠ ከኋላ ያለውን አያይም። ለዝናቡ ብለው ወንበሩን ከመንገዷ አንስተው ወደ በረንዳው ጠጋ አድርገው አዞሩት። በመስታወት አየሁ፣ ሁሉም ከኋላ ተሰለፉ። ባለ ቀዩ መሃል ነው፣ ትከሻውን ሰጥቷል፣ የተተኮሰው ሱሪ ጭቃ ውስጥ። ሽማግሌው የጭነት ካሶኒውን መታ አደረገ፣ ለቀቅኩ። ተንገጫገጨች፣ አስነጠሰች፣ ጥቁር ጭስ ተፋችና ተነሳች።

እልል ተባለ። በሩን አልፌ ዳገቷን ወጥቼ አስፋልቱን ረገጥኩ፣ እሪ እያስባልኩ ጥሩምባዋን ነፋሁ፣ የአይሱዙ ሹፌሮች ሁሉ ቆመው አዩኝ። የቀበሌው ሰውዬ ቢሮ ፊት ለፊት ሆን ብዬ ማርሽ ቀነስኩ። ዞሬ ግቢ ስገባ ሞተሩን አላጠፋሁትም። እንደሱ ዓይነት ድምፅ ማን ያጠፋል።

አባቴ አይስቅም ነበር። ሰዎቹን አንድ በአንድ ያያል። ትከሻቸው ላይ ቀለም፣ ጉልበታቸው ላይ ጭቃ። ቃሉን ከአፉ እንደ ድንጋይ እየፈነቀለ፣ ማን ገፋ አለ።

ሽማግሌው፣ ጠዋት የጸለየው፣ ማንም አልገፋም፣ እግዚአብሔር ነው አለ። አባቴ እሱን ተወውና ባለ ቀዩን ጠራው።

"አንተ ንገረኝ። ተገፋች?"

ባለ ቀዩ ሱሪውን በእጁ አራገፈ። ጭቃው ይብሱን ተዘረጋ።

"አልተገፋችም ወንድሜ። ራሷ ናት የተነሳችው።"

እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ሰውዬው ዋሸልን እኮ። በልቡ የያዘውን ይዞ ለኔ እንጀራ ዋሸልኝ። እኔ ከጋቢናው ሆኜ አባቴን በዓይኔ ለመንኩት። አባቴ ግን ፊቱ ጠቆረ። በዚያች ግማሽ አፍ እንደዚያ ጥርት አድርጎ ሲናገር ከታመመ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

"ያንተን ጊዜ ማንም አልገፋልህም። እኔ የማንም ምጽዋት አልበላም። ኮባ አምጡ።"

ሞተሩ እየሠራ ነው፣ አባዬ፣ እየሰማኸው ነው አልኩት። አጥፋ አለኝ። አላጠፋም አልኩ። ሽማግሌው ተለማመጠው፣ እናቴ እግሩ ሥር ተቀመጠች፣ ስለ ልጅህ ብላ አለቀሰች። ስለ ልጅህ ስትለው ወደኔ አየ፣ አላየኝም ማለት አልችልም። አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ባለ ቀዩ መለሰ። ራሱ ለባለ ቀዩ የከለከለውን ነገር ከሱ መቀበል አልቻለም፣ በቃ ይሄው ነው። ቤተሰቡ ይራብ፣ ልጁ ድንጋይ ይጥረብ፣ እሱ ግን ባለ ቀዩ አዝኖለት እንዳያድር። ከወንበሩ ሊነሳ ሞከረና ጭቃው ውስጥ በፊቱ ወደቀ። ሲያነሱት አንዱ በጋቢናው መስኮት እጁን ሰዶ ማጥፊያዋን ሳበ። ዝም አለች። እንዲህ ዓይነት ዝምታ ደግሜ አልሰማሁም።

ባለቤቱ ነው የመጀመሪያውን ብሎን የሚፈታው። የባለቤቱ ቀኝ እጅ ደግሞ ሞቷል። ስለዚህ ሁሉም እኔን አየኝ። ቁልፍ የለኝም አልኩ፣ እውነቴን ነው፣ የቤታችን መፍቻ ቁልፍ ሁሉ የት እንደገባ በዚያ ሰዓት ጠፋብኝ። ባለ ቀዩ ከኪሱ ያቺን በጋዜጣ የተጠቀለለች አወጣና ሰጠኝ። የተሳለቀብኝ እንደሆን አሁን ድረስ አላውቅም። ሞተሩ ገና ትኩስ ነበር፣ የመጀመሪያው ብሎን ጣቴን አቃጠለኝ።

ኮባው ላይ ተደረደረች። ባሌስትራው፣ ካምቢዮው፣ መሪው፣ ፍሬኑ፣ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ዝናብ እያጠበው። አባቴ ፊቱ ላይ ጭቃ እንዳለ ተቀምጦ ያካፍላል፣ በግራ እጁ እያመለከተ፣ ይሄ ለሱ፣ ያ ለዚያ። ጥሩ ያካፍላል፣ ማንም ቅር አይለውም። ፖምፓዋ ጋ ሲደርስ ባለ ቀዩን አመለከተ። ያንተ ናት፣ ውሰዳት አለው። ማስነሻውንም ጨምር አለ። ከዚያ ጣቱ ሳይታጠፍ ወደኔ ዞረች።

"እሱንም ውሰደው። እጁ ጥሩ ነው፣ ረዳት ይሁንህ።"

አንዱ መሳቅ ጀመረና ቀልድ እንዳልሆነ ሲያይ ዋጠው። ከባሌስትራውና ከካምቢዮው ጋር ኮባ ላይ የተደረደርኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

ምን ላድርግ፣ ሄድኩ። ድንጋይ ከመጥረብ ይሻላል። ሌሎቹም ከሷ የወሰዱትን መለሱ፣ ቀይዋ በኛ ልብ ተነሳች፣ ዶሮዎቹ ተባረሩ፣ አሁን ከጉኑኖ ዝንጅብልና ስኳር ድንች እናወርዳለን። መሪውን አይሰጠኝም። ጭነት አስራለሁ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አደርጋለሁ። ከደሞዜ አይቀንስም፣ አይሰድበኝም፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። የኛ ቤት በር ጋ ስንደርስ ግን ሁሌ ማርሽ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ይጮሃል። ለምን ስለው፣ ይስማት አለኝ፣ ይኸው ነው መልሱ።

አባቴ በር ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። እኔን ቀና ብሎ አያየኝም፣ ጆሮውን ነው የሚሰጠው። ባለፈው ማታ ቤት ስገባ ጠራኝ። አንደኛው የናፍጣ መርጫ ቆሽሿል፣ ድምፁ ይለያል፣ ሳይብስ ይጠበው፣ አለዚያ ዳገት ላይ ትቆማለች፣ ሂድና ለወንድሜ ንገረው አለኝ። ባለ ቀዩን ነው ወንድሜ ያለው።

እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ከሱ በፊት ነው የሰማሁት። እሺ አልኩት። ለባለ ቀዩ ግን አልነገርኩትም፣ አልነግረውምም። ትቁም። የጉኑኖ ዳገት ላይ ቀጥ ትበል፣ አንዱ ጊፋታ ይለፋት፣ ሁለተኛውም ይለፋት። ያቺ በጋዜጣ ተጠቅልላ የተሰጠችኝ ቁልፍ አሁንም ኪሴ ውስጥ ናት፣ መልስልኝ ብሎኝ አያውቅም። ያን ቀን አውጥቼ በእጁ እሰጠዋለሁ።