አባባ ኢድሪስ ያሻግሩን የነበረው መንገድ

ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤታችን አራት ብሎክ ነበር። ሦስቱ ጸጥ ያሉ የኦክላንድ የሰፈር መንገዶች ናቸው፤ ጎረቤት ውሻውን ያናፍስባቸዋል፣ ጠዋት ጠዋት የረጠበ ባሕር ዛፍ ይሸታሉ። አራተኛው ግን ሌላ ነበር። እዚያ በወዲህም በወዲያም ሁለት ሁለት ረድፍ መኪና የሚነጉድበት ሰፊ ጎዳና አለ። መብራት የለውም። ቀለሙ የለቀቀ ዜብራና አንድ ቢጫ ምልክት፣ በቃ።

አሥር ዓመቴ ነበር፤ እህቴ ሊዲያ ስድስት። እናታችን አረጋውያን በሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ውስጥ የጠዋት ሺፍት ስለምትሠራ ሳይነጋ ትወጣለች። እኛን የሚያሻግሩን ከቤታችን ሥር ባለው አፓርትመንት የሚኖሩት አባባ ኢድሪስ ነበሩ። ኤርትራዊ ናቸው፤ ወጣትነታቸውን ከአሰብ አዲስ አበባ ተሳቢ ሲነዱ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከእኔ በብዙ ይሻል ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ሱብሒያቸውን ሰግደው፣ ኮታቸውን ለብሰው ደረጃው ሥር ይጠብቁናል።

እሳቸው ሲያሻግሩ ሥርዓት ነበረው። ሊዲያን በግራ፣ እኔን በቀኝ ይይዛሉ። የመጀመሪያው መኪና ሲቆም ከፊቱ እስከ ጫፉ ድረስ ይወስዱንና እንደገና ያቆሙናል። ከዚያ አንገታቸውን አስግገው ሁለተኛውን ረድፍ ያያሉ፤ እጃቸውንም እንደ ትራፊክ ፖሊስ ሽቅብ ያነሳሉ።

«አንዱ ቆመልሽ ማለት ሌላው አይቶሻል ማለት አይደለም» ይሉኛል። «እኔ ሾፌር ነበርኩ። የቆመ መኪና ሰው ይጋርዳል።»

«አይ ኖው፣ አባባ» እላለሁ፣ ሺህ ጊዜ ስለሰማሁት። ጥሩምባ ይነፋብናል። እሳቸው አይቸኩሉም።

አንድ ቀን የክፍሌ ልጆች ከቆመ መኪና ውስጥ ሆነው አዩን። በእረፍት ሰዓት አንደኛዋ እጇን ሽቅብ ሰቅላ፣ ጀርባዋን አጉብጣ ሜዳው ላይ እየተንቀረፈፈች ተራመደች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቄን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

በማግስቱ ሊዲያን ከወትሮው ቀደም ብዬ አለባበስኳት።

«አባባ ኢድሪስስ?» አለችኝ።

«ዛሬ አይመጡም። አሟቸዋል» አልኳትና በኋላ በር ይዣት ወጣሁ።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ እርጥቡ አስፋልት ላይ ስለምታበራ ዓይን አታስገልጥም። ዜብራው ጫፍ ላይ ቆምን። መኪናው መቋረጫ የለውም። ሁለት ጊዜ እግሬን አውርጄ ሁለት ጊዜ መለስኩ። የሊዲያ እጅ በእጄ ውስጥ አላበው። መመለስ ፈለግሁ፤ ግን ተመልሼ አባባ ኢድሪስን ምን እላቸዋለሁ? በመጨረሻ አንድ ነጭ ቫን ቆመ። ሾፌሩ ፈገግ ብሎ በእጁ እለፉ አለን። ደስ አለኝ። ሊዲያን ጎተትኳት።

የቫኑን ጫፍ ልናልፍ ስንል ከኋላዬ «ቁሚ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። የአባባ ኢድሪስ ድምፅ ነው። በመስኮት አይተውን ኖሮ ተከትለውናል። እኔ ባለሁበት ደረቅሁ። ሊዲያ ግን አልቆመችም፤ እጇ ሾልኮ ከእጄ ወጣ። የቦርሳዋን ማንገቻ ይዤ ባለኝ ኃይል ሳብኳት። በዚያችው ቅጽበት አንድ መኪና በቫኑ ጎን ተወርውሮ አለፈ። ንፋሱ ፊቴን መታኝ። ሁለታችንም አስፋልቱ ላይ ወደቅን። የሊዲያ እግር ከቫኑ አልፎ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተዘርግቷል። ልጎትታት ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ።

አባባ ኢድሪስ በነጠላ ጫማ አልፈውን ሄዱና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ከፊታችን ቆሙ። ቀጥሎ የመጣው መኪና ፍሬን ያዘ። ጎማው ጮኸ፤ ተንሸራተተ፤ ሊቆም ጥቂት ሲቀረው እግራቸውን መታቸው። ወደኋላ ዘፍ ብለው ወደቁ። እየተንፏቀቅሁ አጠገባቸው ስደርስ ከንፈራቸው አመድ መስሏል።

«ሊዲያ ደህና ናት?» አሉኝ።

እናቴ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ሆስፒታል ደረሰች። ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። «ልጆቼን አተረፉልኝ» እያለች ታለቅሳለች።

«እኔ ነኝ ዛሬ ያረፈድኩት» አሏት። «ልጆቹማ ቢጠብቁ ቢጠብቁ ሲያጡኝ ጊዜ ነው የሄዱት።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ጣሪያውን ነበር የሚያዩት።

እግራቸው ተሰብሮ ስለነበር እናቴ «ማን አላቸው?» ብላ ከሆስፒታል በቀጥታ እኛ ቤት አመጣቻቸው። ሳሎን ውስጥ አልጋ ተዘረጋላቸው። ሻይ ሳቀርብላቸው ዓይናቸውን አላይም። በሦስተኛው ቀን ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

«አባባ፣ ሆን ብዬ ነው ጥዬዎት የሄድኩት። ልጆቹ ስለሳቁ... አፈርኩብዎት።»

ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«አውቃለሁ። ታመዋል እንዳልሻት ሊዲያ ነግራኛለች።»

«ታዲያ ለምን ለእማዬ...»

«እሱን የምትነግሪያት አንቺ ነሽ። እኔ አልነግራትም።»

በዚያው ቀን ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ አልመታችኝም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «አሥር ዓመትሽ እኮ ነው» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አልገባኝም። በሳምንቱ አለቃዋን ለምና ሺፍቷን ወደ ማታ አስቀየረች። ከዚያ በኋላ ስንሄድም ስንመለስም ያሻገረችን እሷ ናት።

አባባ ኢድሪስ ሦስት ወር ከእኛ ጋር ኖሩ። ሳሎኑ የእግራቸውን ቅባት ይሸት ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ካርታ በውዘው ይጠብቁናል፤ ሊዲያ ስታጭበረብር እያዩ እንዳላዩ ያልፏታል። ስለ አሰብ ሙቀት፣ በረሃ ላይ ጎማ ስለ መቀየር ያወሩልናል። ተሽሏቸው ወደ ቤታቸው ሲወርዱ በምርኩዝ ነበር፤ ምርኩዙንም እስኪሞቱ አልጣሉትም።

ዛሬ የምኖረው ሳን ሆዜ ነው፤ በቀን ብዙ ሰዓት መኪና ውስጥ ነኝ። እግረኛ ሳይ እቆማለሁ፤ እለፉ ብዬ በእጄ ግን ምልክት አልሰጥም፤ አጠገቤ ያለው ረድፍ ይቁም አይቁም አላውቅማ። ባለፈው ሰሞን ከሊዲያ ጋር ኦክላንድ ሄደን በዚያ ጎዳና ስንነዳ ዜብራው ጋ መኪናዬን አቆምኩ። መሐሉ ላይ ሰው የሚያርፍበት ደሴት ተሠርቷል፤ ምሰሶው ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት ቢጫ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። ልጆች ስልካቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ይሻገራሉ። ለእኛ በየጠዋቱ አንድ ትልቅ ጉዳይ የነበረው መንገድ ለእነሱ ጥቂት እርምጃ ነው። ደስም አለኝ፣ ፈራሁላቸውም።

ሊዲያን ያ ቀን ትዝ ይላት እንደሆነ ጠየቅኋት። ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«አባባ ኢድሪስ እኛ ቤት የኖሩበት ጊዜ ግን ትዝ ይለኛል» አለችኝ። «ዘ ቤስት ታይም ነበር።»

«ለምን እኛ ጋ እንደመጡስ?»

ወደ እኔ ዞረች።

«ዘመዳችን ስለሆኑ አይደል እንዴ?»

ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ዜብራው ላይ የመጨረሻው ልጅ ገና አልወጣም ነበርና አልተንቀሳቀስኩም።

«አዎ» አልኳት። «ዘመዳችን ስለሆኑ ነው።»