ሬድዮ የሚያስጮኸው ታክሲ

ሰፈሩ «ኮረንቲ» ይለዋል። ስሙን ማን እንዳወጣለት ባይታወቅም በልኩ የተሰፋ ስም ነው፤ ሰውየው ከነኩት ይነዝራል። ሃያ ዓመት ሬድዮ ሲጠግን ኖረ። የዛሬ ሬድዮ ሲበላሽ ይጣላል እንጂ አይጠገንም፤ ደንበኛው እየሳሳ ሲሄድ ሱቁን ዘጋና የአጎቱን አሮጌ ታክሲ ወሰደ። ዘመድ ሁሉ «በዚህ ዕድሜህ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ?» እያለ ሳቀበት። በሦስተኛው ፈተና አለፈ፤ ካለፈም በኋላ መንጃ ፈቃዱን ይዞ የሳቁበት ሰዎች ቤት አንድ በአንድ እየዞረ አሳያቸው።

ታክሲዋ ቤንዚን ትወዳለች። መውደድስ ሌላ ነው፤ ትጋተዋለች። በአንድ ሊትር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ከሄደች ተመስገን ነው። ሌላው ሹፌር ይህን እንደ ዕጣ ፈንታው ተቀብሎ ይነዳል። ኮረንቲ ግን ኮፋኖውን ከፍቶ ቆዘመ። ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ የሚተፋት ብልጭታ የክብሪት ያህል እንኳ አቅም የላትም። ብልጭታዋ ብትበረታ፣ በሳሳ ቤንዚንም ቢሆን ሞተሩ ይነሳ ነበር።

ከተበላሸ ቴሌቪዥን ትራንስፎርመር ፈታ። ከሱቁ የተረፉትን ካፓሲተሮች አራግፎ መረጠ። ሁሉንም በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ገጣጠመው። አራት ጊዜ አቃጠለ፤ አንዴማ ነዝሮት ከአጥሩ ጋር አላተመው። በአምስተኛው ብልጭታው ሰማያዊ ሆነና እንደ ጅራፍ ጮኸ። ከዚያ የካንዴላውን ክፍተት አሰፋ፣ ካርቡራተሩ የሚለቀውን ቤንዚን ቀነሰ፣ ነዳ። አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር! እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ብቻውን ሳቀ።

አንድ ጣጣ ግን አልጠፋም፤ የዚህ የቆርቆሮ ሣጥን ጉልበት ሬድዮ ይረብሻል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ሬድዮዋን ከፍታ ትሰፋለች። ታክሲዋ ገና ከጥጉ ስትታጠፍ ሬድዮው «ጠጠጠጠጠ» ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ተጣሉ። በኋላ እሷ ብልሃት ፈጠረች፤ ሬድዮው ሲንጣጣ ድስቱን ትጥዳለች፣ ባል ታጥቦ ሲቀመጥ ምሳው ሞቆ ይጠብቀዋል።

ወሬው የታክሲ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጆሮ ገባ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ብቻ አዲስ ነገር ሲያዩ ሆዳቸውን ያማቸዋል።

«ይሄ ቆርቆሮ እሳት ቢያስነሳ ማን ሊጠየቅ ነው? ፍታው!»

«ከፈታሁትማ ሁለቱን ኪሎ ሜትር እርስዎ ይሰጡኛል?»

ሹፌሮቹ አውካኩ። ከሁሉ በላይ የሳቀው የማኅበሩ መካኒክ ነው። አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ከኪሱ ስለማይለይ ስሙም «አሥራ ሦስት ቁጥር» ሆኖ ቀርቷል። «ተዉት እንጂ ሊቀመንበር! ትንሽ ቢቆይ እኮ በውሃ ሊነዳት ነው» አለ።

በመጨረሻ ስምምነት ተደረገ። ሐሙስ ዕለት፣ በሰው ፊት፣ በጠርሙስ በተለካ አንድ ሊትር ቤንዚን ትፈተናለች። ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ከሄደች ሣጥኑ ይቆያል። ካልሄደች ወይ ሣጥኑ ይፈታል፣ ወይ ታክሲዋ ከተራው ትወጣለች። ተራ የሌለው ታክሲ ደግሞ ተሳፋሪ ፍለጋ ሲንከራተት መዋሉ ነው።

ሐሙስ አሥራ ሦስት ቁጥር ጠርሙሱን አሰረ፣ ቱቦውን ካርቡራተሩ ላይ ሰካ። ከዚያም አንገቱን ኮፋኖው ሥር ቀብሮ የሣጥኑን ሽቦዎች በባዶ እጁ ይጎረጉር ጀመር። ኮረንቲ ደነገጠ። ያ ሽቦ ምን እንደሚያደርግ ከአጥሩ ጋር ሲላተም ተምሯል። መሪው ሥር አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ አለች፤ ወደ ላይ ስትሆን ሣጥኑ ይሠራል፣ ወደ ታች ስትሆን መኪናዋ ወደ አሮጌው የብልጭታ ምንጯ፣ ወደ ቦቢናው ትመለሳለች። ቀስ ብሎ ወደ ታች አደረጋት። ሲያላግጥበት ለኖረ ሰው እጅ አዘነለት።

ወዲያው «ሂድ! ሂድ!» ተባለ። ሄደ። አሥራ ሦስት ቁጥር አጠገቡ ተቀምጦ ቆጣሪውን ያያል። ታክሲዋ ታስላለች፣ ትንገጫገጫለች። ኮረንቲ «ከጠርሙስ መጠጣት ስላልለመደች ነው» እያለ ራሱን አጽናና። ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቀጥ አለች። አሥራ ሦስት ቁጥር አልሳቀም። ያ ደግሞ ከሳቁ የባሰ አንጀቱን አሳረረው።

ቤቱ ገብቶ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ሚስቱ ከስፌቷ ቀና አለች።

«ውይ፣ መቼ መጣህ? ድስቱን እንኳ አልጣድኩም።»

«ምሳው ይቅር።»

«ዛሬ እኮ ሬድዮው ሳይነግረኝ ነው የመጣኸው።»

ኮረንቲ አፉን ከፍቶ አያት። ከዚያ ወደ ታክሲዋ ሮጠ። ማብሪያ ማጥፊያዋ ወደ ታች ነች! ለሰው እጅ ሲሳሳ የገዛ ጉሮሮውን አንቋል። ግንባሩን በመዳፉ መታ፣ ራሱን ሰደበ፤ ስድቡ ሲያልቅበት እንደ አዲስ ጀመረ።

«ነገ እኔም እመጣለሁ» አለች ሚስቱ ከበሩ ላይ ሆና። «ሬድዮዬን ይዤ።»

በማግስቱ ሊቀመንበሩ እጃቸውን አወናጨፉ። «ፈተና አንዴ ነው! የወደቀ ሁሉ ረሳሁ ካለማ የሚወድቅ ሰው የለም።»

«እንዲፈቅዱልኝ አይደለም የመጣሁት» አለ ኮረንቲ ጠርሙሱን እያሰረ። «ያየ ይይ፣ ያላየ ይቅርበት።»

ሚስቱ የሹፌሮቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና ሬድዮዋን ከፈተች። አንድ ሰውዬ ስለ አየር ጠባይ ያወራል። ኮረንቲ ሞተሩን አስነሳ። ሬድዮው «ጠጠጠጠጠ» አለና ሰውዬውን ዋጠው።

«ሰማችሁ?» አለች። «ትናንት ይሄን ሰምታችኋል?»

አንዱ ሹፌር የትናንቱን አስታውሶ ራሱን ነቀነቀ። ታክሲዋ ስትነሳ የተራ አስከባሪው ሬድዮ ዘፈኑን ሳይቋረጥ ጨርሶ ነበር፤ ማንም አልጮኸበትም። ይህን ጊዜ አሥራ ሦስት ቁጥር ሳይጠራ በሩን ከፍቶ ገባ፤ ሄዱ። ቤንዚኑ አልቆ ሲመለሱ ሁለት ሹፌሮች ከኋላ እየገፏቸው ነበር። አሥራ ሦስት ቁጥር ወርዶ ሁሉም እንዲሰማው «አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ከግማሽ» አለ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሆነው ሆኖ ስምምነቱ ትናንት አብቅቷል። ሣጥኑ ይፈታ።»

ኮረንቲ ሳቀ። ንዴቱ ከልክ ሲያልፍ ይስቃል። «ትናንት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ አልካድኩም። ዛሬ የሚሳሳቱት ግን እርስዎ ነዎት። ሣጥኑን ከምፈታ ተራዬን ውሰዱት።» ኮፋኖውን ዘጋ፣ ሚስቱን ከነሬድዮዋ አሳፈረ፣ ወጣ።

ሦስት ሳምንት ተንከራተተ። በሆስፒታሉ በር ቆመ፣ አባረሩት፤ በገበያው ዞረ፣ ተጋፉት። አንዳንድ ቀን ባዶውን ይገባል። ሚስቱ ስፌቱን አበዛች፤ ዓይኗ ስር ጠቆረ። አንድ ቀን እህቱ መጥታ «አንድ ቆርቆሮ ነው እኮ! ፍታና ተራህ ግባ» አለችው። ወይ ፍንክች! «ቆርቆሮውን አይደለም ፍታ የሚሉኝ፤ ያየሁትን አላየሁም በል ነው የሚሉኝ» አላት።

እሑድ ቀትር ላይ ባልና ሚስት ገበታ ላይ ነበሩ። ሬድዮው ተንጣጣ። ሚስት በልማዷ ድስቱን ልትጥድ ብድግ አለችና መሀል ወለል ላይ ቆመች። ዞራ ባሏን አየችው። ጉርሻው አፉ ውስጥ ነው፤ ታክሲዋም ሞተሯ ጠፍቶ ግቢ ውስጥ ቆማለች።

«አንተ እዚህ ነህ» አለች። «ታዲያ ማነው የመጣው?»

ተያይዘው ወደ በሩ ወጡ። አንድ ታክሲ ቆሟል። አሥራ ሦስት ቁጥር በወተት ቆርቆሮ የተገጠመ ሣጥን ከፍቶ አንገቱን ቀብሯል፤ የቀኝ መዳፉ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ከኋላው እንደሱ ሣጥን የገጠሙ ሁለት ታክሲ፣ ከጥጉ ደግሞ ሌላ አንድ እየታጠፈ ነው።

«የኔዋ በሊትር ከዘጠኝ ተኩል ኪሎ ሜትር አላልፍም አለችኝ» አለ አሥራ ሦስት ቁጥር ቀና ሳይል። «ምኑ ጋ እንደተሳሳትኩ አሳየኝ።»

«ሊቀመንበሩ ከተራው ያስወጡሃል።»

«አራታችንንም? ያስወጡና ተራውን ራሳቸው ይሰለፉበት!»

ኮረንቲ እጅጌውን ሰበሰበ። ከውስጥ ሬድዮው በአራት ታክሲ ጉልበት ይንጫጫል፤ የሚያወራው ሰው አንዲት ቃል አትሰማም።

«ልዝጋው እንዴ?» አለች ሚስቱ።

«ተይው» አለ ኮረንቲ። «ይጩኽ።»