የጠበበው ጫማ

ለሰማም ላልሰማም ይታወቅ፦ ከዛሬ ጀምሮ የጫማ ሰፊው እግር አላበጠም። የጠበበው ጫማው ነው። ይህን የካደ ሁሉ ሶሉ ተገንጥሎ ጭቃ መሐል ይቅር።

አዋጁን ያወጣው ራሱ ጫማ ሰፊው ነው። ግዛቱ አንድ ጠባብ ሱቅ፣ አንድ በርጩማና አንዲት ሚስት ነው፤ ሚስቲቱ ግን አዋጅ አትሰማም።

የልቡ አመታት ቀርፋፋ ሆኖበት ደረቱ ቆዳ ሥር ማሽን ከተቀበረለት ወዲህ ሰፈሩ «ባትሪው» ይለዋል። ባለፈው ምርመራ ሐኪሟ ሳትሸፋፍን ነገረችው።

«ምቱን ከሞላ ጎደል ማሽኑ ነው የሚመታልዎት። እንዲህ ሲሆን አንዳንድ ሰው ላይ የልብ ጡንቻ እየደከመ ይሄዳል። የእርስዎ ይደክም እንደሆነ ቀድመን ለማወቅ በአልትራሳውንድ እንየው። ቶሎ ከደረስንበት መላ አለው። ትንፋሽ ካጠረዎት ወይ እግርዎ ካበጠ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።»

ጀግናችን ከዚህ ሁሉ የሰማው «ይደክማል» የምትለዋን ብቻ ነው። ለአልትራሳውንዱ ሳይሄድ ቀረ። እግሩ ሲያብጥስ? ሌላ ሰው ቢሆን ሐኪም ቤት ይሮጣል፤ እሱ ባለሙያ ነው። ጫማውን አርጥቦ ፎርማ በሚሉት የእንጨት እግር ወጠረው። ልክክ አለለት። ሰንብቶ ጠበበው፤ ደግሞ ወጠረው። ፍርሃቱን የሚወጥርበት እንጨት ግን አጣ። ሚስማር በመታ ቁጥር እጁን አየር ላይ ያቆምና ደረቱን ያዳምጣል፤ አለሁ ወይ እያለ።

«ባትሪው፣ ቻርጅ ጨርሰህ ነው እንዲህ የምታለከልከው?» አለው ጎረቤቱ ቁልፍ ሠሪ።

«አንተ ስታወራ እኔን ይደክመኛል።» ሊስቅ ሞከረ፤ ትንፋሹ ለሳቅ አልበቃም።

ሚስቱ ምሳውን ይዛ ስትገባ ፎርማው ላይ የተወጠረውን ጫማ አየች፤ ቀጥላ ባዶ እግሩን። ጎንበስ ብላ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷ ሲነሣ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

«ይሄም ጫማው ነው፣ አንተ?»

እግሩን ከበርጩማው ሥር ሸሸገ።

«ተነሣ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ደንበኛ ቀጥሬያለሁ። ጫማውን ሳይወስድ ልዝጋበት?»

«ደንበኛውን ነው የፈራኸው?»

በርጩማውን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ልቤን ካዩትማ አለቀልኝ» አለ።

አንድ ክንዱን ያዘች፤ ብቻዋን ልታነሣው ግን አልቻለችም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የሚጠብቀው ደንበኛ አንተ ልትሆን ትችላለህ። መጥተህ ጫማህን ውሰድ፤ ከመውጣትህ በፊት ግን፣ እባክህ፣ በዚያኛው ክንዱ በኩል ቆመህ ደግፈው…