የጆሮ ጠብታውና የአባቴ ሚስት

እናቴ የሞተችው እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ነው። ያደግኩት ውጫሌ፣ አክስቴ ዘንድ ነው። አባቴ ሐይቅ ከተማ ሌላ ሚስት አግብቶ ይኖር ስለነበር ትምህርት ሲዘጋ እየመጣሁ አያቸው ነበር። ሚስቱ ታበላኛለች፣ ልብሴን ታጥብልኛለች፣ ስመለስም ስንቅ ትቋጥርልኛለች። ጨዋታ ግን አልነበረንም። አንዳንዴ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የሆነ ነገር ስነግራት ፊቷን እንኳ ወደ እኔ ሳትመልስ ሥራዋን ትቀጥላለች። አልወደደችኝም ማለት ነው ብዬ ተውኩት። እኔም "እትዬ" እያልኩ፣ እንደ ባዳ ሰው አንቱ እያልኳት አደግኩ።

ከዚያ እንደ እኩዮቼ ሁሉ አረብ አገር ሄድኩ። ሰው ቤት ስሠራ አባቴ መሞቱን በስልክ ሰማሁ፤ ለቀብሩም አልደረስኩም። ጠቅልዬ ስመለስ ሐይቅ ያለው ቤታችን ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ሁለት ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር፣ "እንዴት አደርሽ"፣ "እንዴት አደሩ" እየተባባልን መኖር ጀመርን።

ይዤው በመጣሁት ገንዘብ አስፋልቱ ዳር አሳ የምጠብስባት ትንሽ ቤት ከፈትኩ። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፉ መንገደኞች ከሚኒባስ እየወረዱ ይበላሉ። ሥራው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ሽታው ነው። የአሳና የዘይት ሽታ ፀጉር ውስጥ ገብቶ አይለቅም። ስለዚህ ማታ ማታ ራሴን እታጠባለሁ፤ ፀጉሬ ሳይደርቅ ሻርፔን ጥብቅ አድርጌ አስራለሁ። ቆይቶ ቀኝ ጆሮዬን ያሳክከኝ ጀመር። ሲያሳክከኝ የፀጉር ሽቦ አወጣና እጎረጉረዋለሁ። እንዴት ደስ ይል እንደነበር! ደስታው ግን ብዙ አልቆየም።

አንድ ቀን ጠዋት ጆሮዬ አብጦ፣ ትራሴ ላይ ቢጫ ፈሳሽ ፈሶ ነቃሁ። ሻርፕ ሲያርፍበት እንባዬ ይመጣል። ማኘክ አቃተኝ። የሥራ ቤቴን ዘግቼ መደብ ላይ ተጋደምኩ።

መታመሜን የሰማች ጎረቤታችን፣ ደግ ሴት ናት፣ ነጭ ሽንኩርት የተጠበሰበት ዘይት በሲኒ ይዛ መጣች።

"ለልጆቼ ሁሉ ያደረግኩት ነው። ሞቅ እንዳለ ጠብ ላድርግልሽ፤ አብሽሪ፣ ይተውሻል።"

እኔም የመጣው ይምጣ ብዬ በጎኔ ዞርኩላት። ይኼኔ እትዬ ከጓሮ ገባች። ሲኒውን ስታይ የያዘችውን ማሰሮ አስቀመጠች።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ዘይት ነው፤ ለጆሮዋ።"

"አይሆንም!" አለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰምቻት አላውቅም ነበር። "ወላሂ፣ ሐኪም ሳያየው ጆሮዋ ውስጥ ምንም ነገር አይገባም!"

ጎረቤታችን ደንግጣ፣ "እንግዲያው ለልጄ ታዝዞላት የነበረ ጠብታ ተርፎኛል፤ እሱን ላምጣላት?" አለች።

"እሱም አይሆንም። አላህ ይስጥሽ፣ አትቀየሚኝ።" አለች እትዬ። ጎረቤታችንን በር ድረስ ሸኝታ፣ ባጃጅ ጠርታ፣ እኔን ደግፋ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛኝ ሄደች።

የመረመረችኝ ወጣት ሐኪም ናት። ከጆሮዬ ቀዳዳ ፊት ያለችውን ትንሽ ሥጋ ጫን ስታደርጋት ጮህኩ። በመብራት ቀስ ብላ ውስጡን አየችው።

"የቆሰለው ከታምቡሩ ወዲህ ያለው መተላለፊያ ነው" አለች። "ታምቡርሽ ደህና ነው፤ አልተበሳም።"

"አልሐምዱሊላህ!" አለች እትዬ፤ እዚያው ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

ሐኪሟ የጆሮ ጠብታ አዘዘችልኝና አጠቃቀሙን አስረዳችን። "ታምቡሩ ተበስቶ ቢሆን ይሄን ጠብታ አላዝልሽም ነበር። ሳይታዩ ጠብታ መጨመር ጉዳት አለው። የሌላ ሰው ትራፊም አይሆንም። ውሃ እንዳይገባበት፣ ሽቦም ጥጥም ወደ ውስጥ እንዳትከቺ። ደግሞ ተሻለኝ ብለሽ ከታዘዘልሽ ቀን በፊት እንዳታቋርጪ። ከባሰብሽ፣ ወይም ሽፍ ካለብሽ ተመልሰሽ ነይ።"

እትዬ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እያንዳንዷን ቃል ታዳምጣለች። "ለሶላት ውዱእ ስታደርግስ?" ብላ ጠየቀች።

"ውጩን በእርጥብ ጣቷ ማበስ ትችላለች። ብቻ ውሃው ወደ ውስጥ አይግባ።"

ቤት ስንደርስ እትዬ እጇን በሳሙና ታጠበችና መደቡ ላይ ተቀመጠች። "ነይ፣ ጭኔ ላይ ተኚ" አለችኝ። አፈርኩ። ራሴን ሰው ጭን ላይ ካስደገፍኩ ስንት ዘመኔ! ሕመሙ ግን ለማፈር ጊዜ የሚሰጥ አልነበረምና የታመመውን ጆሮ ወደ ላይ አድርጌ ተኛሁ። ጠርሙሷን በመዳፎቿ መሀል ይዛ አሞቀቻት፤ ከቀዘቀዘ ያዞራል ተብላለች። ከዚያ የጆሮዬን ጫፍ ቀስ አድርጋ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አደረገችው። የጠርሙሷ አፍ ጆሮዬን ሳይነካ የታዘዘውን ያህል አንጠባጠበችልኝ። ፊት ለፊት ያለችውን ሥጋ በስሱ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ አደረገቻት።

"አሁን ወደ ውስጥ እስኪዘልቅ እንዳትነቃነቂ።"

እንግዲህ ዝም ብዬ ተኝቼ ምን ልሁን? "እትዬ፣ ቅድም ዘይቱን ሲያዩ ለምን እንደዚያ ደነገጡ?" አልኳት።

መልስ የለም። ይኸው እንደ ልጅነቴ ዝም አለችኝ ብዬ ቅር አለኝ። ትንሽ ቆይታ ግን ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አየችው መሰለኝ፣ ጎንበስ አለች።

"ምን አልሽኝ? በዚህ በኩል አልሰማም" አለች ግራ ጆሮዋን እየነካች።

"አልሰማም ማለት?"

ያን ጊዜ ነገረችኝ። ልጅ ሳለች አምባሰል ገጠር ውስጥ ጆሮዋን ታመመች። አንዱ ቅጠል ጨምቆ፣ ሌላው ዘይት አሙቆ ጨመሩላት። ሕክምና ቅርብ አልነበረም። ጆሮዋ ዓመታት መግል ሲፈሰው ቆየና ደረቀ፤ ሲደርቅ መስማቱም አብሮ ቀረ።

"ለኔ ብለው ነው፤ አላህ ይማራቸው" አለች። "ስዳር ደንቆሮ አገባ እንዳይሉት ፈራሁ። አባትሽን ብቻ ነገርኩት። እሱም ለማንም ትንፍሽ አላለም።"

አባቴ ገበያ ሲሄዱም፣ ማዕድ ላይም፣ ሁልጊዜ ከቀኟ እንደሚሆን ትዝ አለኝ። ሰው ቀድሞት እዚያ ከተቀመጠ ፈገግ ብሎ ያስነሳዋል። የሽማግሌ አመል ነበር የሚመስለኝ። እኔ ደግሞ በእንግድነቴ ከተረፈው ከግራዋ በኩል ነበር የምቀመጠው። ያን ሁሉ ዓመት ያወራሁት ለማይሰማው ጆሮዋ ነው። እንባዬ መጣ።

"ኧረ አታልቅሺ!" አለችኝ በድንጋጤ። "ከተነቃነቅሽ ጠብታው ይፈሳል!"

ሳቄና እንባዬ ተቀላቀሉ። "ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?" አልኳት። አንቺ ማለቴ የታወቀኝ ካፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሷ ግን አልተቀየመችም፤ ግንባሬን ዳበስ አድርጋ፣ "ጠይቀሽኝስ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲያ የጠብታው ሰዓት የጨዋታ ሰዓታችን ሆነ። ሕመሙ ቶሎ ለቀቀኝ፤ እኔም ልተወው አሰብኩ። እሷ ግን "የታዘዘው አላለቀም" ብላ ጭኗን ታመቻቻለች። እውነቱን ለመናገር፣ ባያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ሲያልቅ የተረፈውን ጠብታ ጣልነው። ፀጉሬንም ሳይደርቅ ማሰር ተውኩ።

ድኜ ሥራዬን እንደ ጀመርኩ እሷን ለምኜ ደሴ ወሰድኳት። የጆሮ ሐኪሙ አይቶ ታምቡሩ እስከ ዛሬ ቀዳዳ እንደሆነ ነገራት። ቀዳዳውን በቀዶ ሕክምና መድፈን እንደሚሞከር፣ መስማቷ ይመለሳል ብሎ ግን ቃል መግባት እንደማይችል አልደበቃትም። እስከዚያው ውሃም ሆነ ያልታዘዘ ጠብታ እንዳይገባበት አስጠነቀቃት። "ላስብበት" አለችው። አላዘነችም። በዚህ ዕድሜዬ አንድ ሰው ጉዳዬ ብሎ አየልኝ፣ ይበቃኛል አለችኝ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከቀኟ ተቀምጬ፣ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያያት ምን እንዳላት ጠየቅኳት። ሳቀች፤ ሻርፗን አስተካክላ መናገር ጀመረች። እንዴት እንደ ጠየቃት፣ የሠርጉን ቀን ዝናብ እንዴት እንዳበላሸባቸው፣ እኔ አረብ አገር ሳለሁ ስልክ ባልደወልኩ ቁጥር እንዴት እንደሚቁነጠነጥ፣ በመጨረሻ ሕመሙም ምን እያለ ዱአ ያደርግልኝ እንደነበር፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችኝ። አባቴን ሳልሰናበተው ነው የሞተው። ያን ቀን ከደሴ እስከ ሐይቅ ግን ስለ እሱ ስሰማ መጣሁ፤ መንገዱም አጠረብኝ። ሐይቅ ደርሰን ከወረድን በኋላም ወሬው ስላላለቀ ባጃጁን ትተን በእግራችን ሄድን።