ይታየሽ የሠራችው ካሜራ

ይታየሽ ከደሃና ወደ ሰቆጣ የመጣችው በ1993 ዓ.ም፣ ሰባተኛ ክፍል ልትማር ነው። እናቷ ከግቢዬ ጥግ ያለችውን ክፍል ተከራየችላትና ተመለሰች። ዝምተኛ ልጅ ነበረች፤ እኔም ወሬ ስለማላበዛ ተስማማን። ኮሌጅ ገብታ ኮምፒውተር ተምራ ስትመለስም ያችኑ ክፍል ይዛ ፎቶ ቤት ተቀጠረች።

ለመታወቂያ ፎቶ ብለው ከሰሃላ ሁለት ቀን በእግራቸው የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። እነሱ ከሚመጡ እኔ ልሂድላቸው አለች። ስልክ ላይ የሚጫን፣ ፎቶ አንስቶ በመታወቂያ ልክ የሚቆርጥ ፕሮግራም መጻፍ የጀመረችው በ2005 ነው። ስልኩንና ላፕቶፑን ያዋሳት ምስጋናው የሚባል ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። «እህቴ» ይላታል። እሁድ እሁድ እየመጣ ቆሎዬን ይቆረጥም ነበር።

የምትሞክረው በእኔ ላይ ነው። ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ታነሳኛለች። መጀመሪያ ካሜራው ነጩን ነጠላዬን እየመረጠ አስቸገራት፤ የጥለቱ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ፊቴ ግን ጉም የለበሰ ይመስላል።

«እትዬ ትርፌ፣ ስልኩ ከእርስዎ ይልቅ ነጠላዎን ወደደ» አለ ምስጋናው።

«እሱስ አዲስ ነው» አልኩት።

ስለዚህ ይታየሽ ጣቷን ስልኩ ላይ በሚታየው ፊቴ ላይ ስታሳርፍ ካሜራው ፊቴን አጥርቶ እንዲያይ ልታደርግ ተነሳች። ሌላው ካሜራ ይህን ያውቃል፤ እሷ የምትጽፈው ግን እስክትነግረው ድረስ ምንም አያውቅም። ስትጽፍ ሰነበተች። ፊቴን ነካች፤ በግራዬ ፈንጠር ብሎ የተቀመጠው ቢጫ ጀሪካን ጠራ። ስድስት ቀን ሙሉ እንደዚያ ሆነ። ፎቶዎቹን ሁሉ ስለምታሳየኝ መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ አየኋቸው።

«ልጄ፣ ፊቴን ስትነኪ ጀሪካኑ ይጠራል። ጀሪካኑን ስትነኪ ደግሞ የዘረጋሁት እግሬ። ይሄ ነገር ሩብ ዙር እየዞረብሽ ነው።»

አየችኝና ሳቀች። ስልኩን እኛ አቁመን ብንይዘውም ውስጡ ያለው ካሜራ በጎኑ ተጋድሞ ነው ለካ የሚያየው። የተነካውን ቦታ በዚያው ልክ አዙሮ እንዲነግረው አደረገችው። ፊቴ ጠራ፤ ቅንድቤ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር ታየች። ምስሉ ሲጠራ አረንጓዴ የሚሆን ትንሽ ሳጥንም ጨመረችበት።

ግንቦት ላይ ሰቆጣ አዳራሽ ውስጥ የፈጠራ ሥራ ሊታይ፣ ከባሕር ዳር እንግዶች ሊመጡ ሆነ። ምስጋናው ፕሮግራሙን ሌላ ስልክ ላይ አስጫነና፣ «አንቺ ሰሃላ ሂጂና በሰው ላይ ሞክሪው። እዚህ የሁለታችንንም ስም እኔ አስጠራለሁ» አላት። አመነችው። ሌሊቱ እንደነጋ ሄደች።

በዕለቱ አዳራሹ ውስጥ እኔን ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ። ምስጋናው ስለ ካሜራው ሲናገር «ሠራሁ» አለ፣ «ደከምኩ» አለ፤ የይታየሽን ስም አላነሳም። አሁን ይጠራታል፣ አሁን ይጠራታል እያልኩ ጠበቅሁ። ፊቴን ነክቶ አነሳኝና ትልቁ ሸራ ላይ አወጣኝ። ሰው አጨበጨበ። አንዱ እንግዳ ጎንበስ ብሎ፣ «እማማ፣ ይህን የሠራው ይሄ ልጅዎ ነው?» አለኝ።

ይታየሽ ናት ልል ነበር። ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ። ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁና «አዎ» አልኩ።

በስድስተኛው ቀን የአርባ ሦስት ሰው ፎቶ ይዛ ተመለሰች። ገበያ ላይ ሰምታ ኖሮ ሻንጣዋን ሳታወርድ ደጄ ላይ ቆመች።

«ጠይቀውዎት ነበር አሉ።»

«አዎ፣ ልጄ።»

«እርስዎስ ምን አሏቸው?»

ነገርኳት።

«እሱን እኔ ነኝ ያመንኩት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «እርስዎ ግን አብረውኝ ነበሩ።»

ምስጋናው ተሸልሞ ባሕር ዳር ተዛወረ፤ ላፕቶፑንም ይዞ ሄደ። ይታየሽ በዚያው ወር ክፍሏን ለቀቀች። መናኸሪያው አጠገብ ስልክ መጠገኛ ከፈተች፤ እጇ ጥሩ ስለሆነ ሥራ አታጣም።

ከዓመት በኋላ ሄድኩ። የአንዱን ስልክ ፈትታ ትናንሽ ብሎኖች በሳህን ላይ ደርድራለች። ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ አልኳት። በመንገድ ላይ ንግግሩን እየተለማመድኩ ነበር የመጣሁት።

ቀና አላለችም። «ይቀመጡ፣ እትዬ ትርፌ» አለች። «አሁን ማን ይጠይቅዎታል?»