የወንድሜ መኪና ሴንሰር
የታናሽ ወንድሜ መኪና ዳገት ላይ እያሳለች ትቆማለች። አምና ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካ አዲስ ሴንሰር ከውጭ ላክሁለት። ዘንድሮም «አልተሻላትም» ሲለኝ፣ የተበላሸ ሸጠውልኛል ብዬ ሌላ ይዤ ደብረ ታቦር መጣሁ። ነገ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ የምታደርሰኝ እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት በሰው አገር ኖሬ መካኒክ የመለመን ትዕግሥት ስለሌለኝ፣ ግቢው ውስጥ ኮፈኑን ራሴ ከፈትሁ።

«እታለም፣ ተይው በሞቴ! እጅሽ ይቆሽሻል» ይላል ወንድሜ እየተቁነጠነጠ።

ብሎኑን ፈትቼ ሳወጣው አቧራ የጠገበው አሮጌው ሴንሰር ነው።

«ያምናውስ?»

ሳሎን አስገባኝ። ባለ መስታወቱ ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ መሀል፣ ከነካርቶኑ ተቀምጧል።

«አንቺ የላክሽልኝን ዕቃ አቧራ ላስበላው?» አለኝ ተቆጥቶ።

ከዚያ እጁን ዘረጋ።

«በይ ያንንም አምጪው፤ ከጎኑ ቦታ አለ።»